የነፃ ምርመራ ዋጋ፦ ስለ ከተማችን ጋራዦች ለቀረበው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በባሕር ዳር ሹፌሮችና ባለ ንብረቶች ዘንድ ሲዘዋወር የሰነበተውን፣ ስለ ከተማችን ጋራዦች የተጻፈውን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። የጸሐፊው ድምዳሜ ግልጽ ነው፦ መካኒክን ማመን ሞኝነት ነው። ስለዚህ ሹፌር ዕቃውን ራሱ ይግዛ፤ ቦሎ (የዓመታዊ ምርመራ ማለፊያ ምልክት) የተለጠፈለት መኪና ጉድለት አለበት ሲባል አይቀበል፤ በሰው ቃል ፋንታ ኮምፒውተርን ይመን፤ ከተማ አስተዳደሩ የጥገና ዋጋ ይተምን፤ የምርመራ ጣቢያዎች ራሳቸው ይጠግኑ፤ ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ ደግሞ ሹፌሩ ሥራው እስኪያልቅ ከመካኒኩ አጠገብ አይነሣ። ጽሑፉ ከተጎዳ ሰው ወገን ቆሞ የተጻፈ መሆኑን እረዳለሁ፤ የዘረዘረው ቅሬታም በአብዛኛው የፈጠራ አይደለም። የማልስማማው በምክንያቱና በመድኃኒቱ ነው።

እኔ በአንድ ድርጅት በተሽከርካሪ ስምሪት ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ፤ መካኒክ አይደለሁም፣ ጋራዥም የለኝም። ሥራዬ ሹፌሩ የሚናገረውን፣ መካኒኩ የሚለውንና ገንዘብ ያዡ የሚከፍለውን ማገናኘት ነው። ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ሳየው አለመተማመኑን የሚወልደው የመካኒኮች ጠባይ መበላሸት ሳይሆን፣ ምርመራን እንደ ሥራ ሳንቆጥር በነፃ መጠየቃችንና ውጤቱን በጽሑፍ አለመቀበላችን ነው። ይህን ለማስረዳት የጽሑፉን ነጥቦች በተራ እወስዳለሁ።

ዋናው ማስረጃ የአንድ ሚኒባስ ታሪክ ነው። መኪናው ወደ ጎንደር ሲጓዝ ከአዲስ ዘመን ወዲያ ያለውን ዳገት እየወጣ ሳለ የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ተጠጋ፤ ሹፌሩ ውኃ እየጨመረ ወደ ባሕር ዳር ተመለሰና ለሦስት ጋራዦች አሳየ። የመጀመሪያው ‹ራዲያተሩ ተደፍኗል› አለው፤ ሁለተኛው ‹ቴርሞስታቱ (የውኃውን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍተውና የሚዘጋው ዕቃ) ነው፣ አውጥተን እንጣለው› አለ፤ ሦስተኛው ‹ጋስኬት (በሞተሩና በላዩ ባለው ቴስታታ መካከል ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል፣ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ካልወረደ አይሆንም› ብሎ ከሁለቱ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ዋጋ ጠራ። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው «አንድ መኪና ሦስት በሽታ ሊኖረው ስለማይችል ቢያንስ ሁለቱ ዋሽተዋል» ይላሉ።

አንድ መኪና ግን ሦስትም አራትም ጉድለት በአንድ ጊዜ ሊኖረው ይችላል፤ የሙቀት ጉድለት ደግሞ በተለይ እርስ በርስ የሚዋለድ ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ በባሕር ዳር ንጹሕ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ዳገት በወጣን ቁጥር ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። የራዲያተር ውኃ ከዚህ በላይ እየጋለ ሳይፈላ የሚቆየው በውስጡ ግፊት ስለሚታመቅ ነው፤ ግፊቱን የሚይዘው ደግሞ የራዲያተሩ ክዳን ነው። የክዳኑ ላስቲክ ደርቆ ወይም ስፕሪንጉ ደክሞ ከሆነ፣ በደህና ክዳን ከ110 ዲግሪ በላይ ይደርስ የነበረው የመፍላት ወሰን ተመልሶ ወደ 94 ይወርዳል፤ ሞተሩ ከተለመደው ሙቀቱ ብዙም ሳያልፍ ውኃው ይፈላል፣ ይጎድላልም። ከሦስቱ መካኒኮች ክዳኑን የጠቀሰ አለመኖሩ ይገርመኛል፤ ከሁሉም ርካሹ ዕቃ እሱ ነበርና።

ራዲያተሩ ለዓመታት ባጠራቀመው ዝቃጭ ሲደፈን ሞተሩ ይግላል። ሞተሩ ደጋግሞ ከጋለ የአልሙኒየም ቴስታታ ይጎብጣል፤ ቴስታታው ከጎበጠ ጋስኬቱ አፍኖ መያዝ ያቅተዋል፤ ከዚያ በኋላ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ውኃው መንገድ እየገባ በራዲያተሩ አፍ አረፋ ይሠራል። እንዲህ ከሆነ የመጀመሪያው መካኒክ የነገሩን መነሻ፣ ሦስተኛው መድረሻውን አይተው ሁለቱም እውነት ተናግረው ሊሆን ይችላል። የሁለተኛውን ምክር እኔም አልወደድኩትም፤ ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል የተለመደ ቢሆንም ሞተሩ ከቀዝቃዛነት ቶሎ እንዳይወጣ፣ ነዳጅ እንዲያባክንና ያለ ጊዜው እንዲያልቅ ያደርጋል። መጥፎ መድኃኒት ማዘዝና መዋሸት ግን አንድ አይደሉም። ጸሐፊው መኪናው በመጨረሻ በምን እንደዳነ ቢነግሩን ኖሮ ማን እንደተሳሳተ ለማወቅ እንችል ነበር፤ ታሪካቸው ግን ሦስተኛው ጋራዥ በር ላይ ይቆማል።

እኔን ያስቆመችኝ እሳቸው በምስጋና ያለፏት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ ሹፌሩ በሦስቱም ቦታ ለማሳየት አንድ ብር አልከፈለም። የሙቀት ጉድለትን በትክክል ለመመርመር ሞተሩ እስኪበርድ መጠበቅ፣ ሥርዓቱን በግፊት መፈተሽ፣ ሞተሩ ሲሠራ አረፋ መኖር አለመኖሩን ማየት፣ የራዲያተሩ የትኛው ክፍል እንደማይሞቅ መለየት፣ ቴርሞስታቱን አውጥቶ በሙቅ ውኃ ውስጥ መከፈቱን መመልከት ያስፈልጋል። ይህ ለአንድ ሠራተኛ ግማሽ ቀን ሊፈጅ የሚችል ሥራ ነው። መካኒኩ ይህን ሁሉ በነፃ ሠርቶ ‹ችግሩ ይህ ነው› ቢል፣ ሹፌሩ የተነገረውን ይዞ ወደ ረከሰው ጋራዥ እንደሚሄድ ያውቃል። ስለዚህ አይመረምርም፤ ኮፋኖውን ከፍቶ፣ በእጁ ዳስሶ፣ ከልምዱ ይገምታል። ሦስት ግምት ስንሰበስብ ውለን ሦስቱ ስላልተስማሙ ውሸት ነው እንላለን። ሐኪም ቤት ስንሄድ ካርድ እናወጣለን፣ ለላቦራቶሪ እንከፍላለን፣ የመድኃኒቱን ዋጋ ለብቻው እናውቃለን፤ ጋራዥ ስንገባ ግን ‹እስቲ እያት› እንላለን።

ይህ የእኛ ከተማ ብቻ ጠባይ አይደለም። ማይክል ዳርቢና ኤዲ ካርኒ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ገዢው ከተጠቀመበት በኋላም እንኳ በእርግጥ ያስፈልገው እንደነበር ሊያውቅ የማይችለውን አገልግሎት ለይተው አሳይተዋል፤ ጥገናም ከዚህ ወገን ነው። ቴስታታው ወርዶ ጋስኬት ከተቀየረ በኋላ መኪናው ቢድን፣ ያዳነው ጋስኬቱ ይሁን በዚያው ሥራ መካከል የታጠበው ራዲያተር ባለ መኪናው የሚለይበት መንገድ የለውም። መርማሪውና ጠጋኙ አንድ ሰው ሆኖ ክፍያው ከጥገናው ብቻ ሲመጣ፣ ቅን የሆነው መካኒክ እንኳ ትልቁን ሥራ ወደ ማየት ያዘነብላል። መድኃኒቱ ለምርመራው ራሱን የቻለ ዋጋ መክፈል፣ ውጤቱንም ምን ተለካ፣ ምን ተገኘ፣ ምን አልታየም በሚል በወረቀት መቀበል ነው። ያንን ወረቀት ይዞ ሌላ ጋራዥ መሄድ የሹፌሩ መብት ይሆናል፤ የመጀመሪያው መካኒክም የልፋቱን አግኝቷልና አይከፋውም።

ሁለተኛው ነጥብ መለዋወጫን ይመለከታል፤ የጽሑፉ ጠንካራ ክፍልም ይህ ነው። አንዳንድ ሱቆች ደንበኛ ላመጣላቸው መካኒክ ኮሚሽን እንደሚሰጡ፣ ያ ኮሚሽንም በዕቃው ዋጋ ላይ እንደሚታከል ለማንም የተሰወረ አይደለም። ኮሚሽኑ የሚኖረው ግን ያ ያልተከፈለ ምርመራ አንድ ቦታ መከፈል ስላለበት ጭምር ነው፤ በፊት ለፊት የከለከልነውን በጓሮ እንከፍለዋለን ማለት ነው። «ዕቃውን ራስህ ግዛ» የሚለው ምክር ይህን ቢቀንስም ሌላ ቀዳዳ ይከፍታል። ሹፌሩ የፍሬን ሸራ ገዝቶ መጣ እንበል፤ ከሳምንት በኋላ ፍሬኑ መጮህ ሲጀምር መካኒኩ ‹ያመጣኸው ዕቃ ነው› ይላል፣ ባለ ሱቁ ‹አገጣጠሙ ነው› ይላል፣ ሹፌሩም በሁለቱ መካከል ይመላለሳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2610 ላይ የዚህን ዓይነት ውል ሲተረጉም፣ ሥራውን የተቀበለው ሰው በራሱ ኃላፊነት የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት የሚገባው ግዴታ አድርጎ ነው። ዕቃና ሥራ ከአንድ እጅ ሲመጡ ውጤቱን ከአንድ ሰው መጠየቅ ይቻላል፤ ሲለያዩ ግን ጉድለቱ የማን እንደሆነ ማስረዳት የሹፌሩ ሸክም ይሆናል።

በዚያ ላይ ዕቃ መግዛት ጸሐፊው እንዳሰቡት ቀላል አይደለም። ስሙ አንድ የሆነ መኪና በተመረተበት ዓመትና በሞተሩ ዓይነት ልዩ ልዩ ሸራ፣ ኩሽኔታና ፊልትሮ ሊወስድ ይችላል፤ ትክክለኛው የሚገኘው በሻንሲ ቁጥር ሲፈለግ ነው። እኔ የማየው የሚሠራ መንገድ መካከለኛው ነው፦ መካኒኩ የሚያስፈልገውን ዕቃ ከነቁጥሩ ይጻፍ፤ ግዢው በማንም እጅ ቢፈጸም ደረሰኙ በባለ ንብረቱ ስም ይሁን፤ የወለቀው አሮጌ ዕቃ ተሰብስቦ ለባለ ንብረቱ ይመለስ። አሮጌውን ዕቃ መጠየቅ ብዙዎች እንደ ስድብ ያዩታል፤ እኔ ግን ሳልጠይቅ የሚያቀርብልኝን መካኒክ ነው በተደጋጋሚ የምሄድበት።

እዚህ ላይ ጽሑፉ ፈጽሞ ያልነካውን አንድ ነገር ማንሣት አለብኝ። ጸሐፊው ‹ሹፌር› ሲሉ ባለ ንብረቱን ይሁን ቅጥር ሹፌሩን አይለዩም። በከተማችን ብዙው ሚኒባስና ባጃጅ የሚነዳው በቅጥር ወይም በዕለት ገቢ በተስማማ ሰው ነው፤ ለጥገና የሚከፍለው ደግሞ ጋራዡን አይቶት የማያውቅ ባለ ንብረት ሊሆን ይችላል። ባለ ንብረቱ ሹፌሩን ከመካኒኩ ጋር ተመሳጥሮ ደረሰኝ ያስጨምራል ብሎ ይጠረጥራል፤ ሹፌሩ መኪና ከቆመ የዕለት ገቢው ስለሚቀርበት ‹ለጊዜው አስነሡልኝ› ይላል፤ መካኒኩም ለጊዜው ያስነሣል፣ በወሩ ያው ጉድለት ሲመለስ ግን ሥራውን አበላሽ የሚባለው እሱ ነው። መካኒክ ዘንድ ሲቀርቡ ‹ምንም አልነካሁትም› የሚሉ፣ ነገር ግን መለኪያው ቀይ ላይ ሆኖ ሃያና ሠላሳ ኪሎ ሜትር የነዱ ሹፌሮችም አሉ። መካኒኩ ይህ ሳይነገረው የሚሰጠው መልስ ከጎደለ መረጃ የተነሣ ነው። ውሸት በአንድ ወገን ብቻ እንዳለ አድርጎ መጻፍ ለሹፌሮች ደስ ሊያሰኝ ይችላል፤ ማስረጃው ግን አይደግፈውም።

ሦስተኛው ነጥብ በእኔ ግምት አደገኛ ስለሆነ ረዘም አድርጌ መልስ መስጠት እፈልጋለሁ። ጸሐፊው ቦሎ ከተለጠፈለት አርባ ቀን ያልሞላው መኪና ‹ፍሬኑ አልቋል› የተባለበትን ሹፌር ጠቅሰው፣ «መንግሥት ደህና ነው ያለውን መኪና መካኒክ እንዴት ታሟል ይለዋል?» ብለው ይጠይቃሉ። በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ መኪናው በዚያ ዕለት ዝቅተኛውን መስፈርት ማሟላቱን ያረጋግጣል፤ ለቀጣዩ ዓመት ዋስ አይሆንም። አዲስ የፊት ፍሬን ሸራ ብዙውን ጊዜ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው፤ ብዙ አምራቾች መቀየር አለበት የሚሉት 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ነው። ሦስት ሚሊ ሜትር የቀረው ሸራ በምርመራው ቀን በሚገባ ይይዛል፤ በተለያዩ ከተሞች መካከል የሚመላለስ ሚኒባስ ግን ያንን በሳምንታት ሊጨርሰው ይችላል።

የፍሬን ዘይትም እንዲሁ ነው። ዘይቱ ከአየር እርጥበት እየሳበ ስለሚያረጅ፣ ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ 205 ዲግሪ የነበረው የመፍላት ወሰኑ እርጥበት ሲጠጣ እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። በምርመራ ጣቢያ ፍሬን የሚለካው ለጥቂት ሰከንድ በመሆኑ ዘይቱ ለመጋል ጊዜ አያገኝም። ያው መኪና ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወርድና ሹፌሩ በማርሽ ከመያዝ ይልቅ ፍሬን እየረገጠ ሲሄድ ግን ይግላል፤ ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል። ‹ቦሎ አለው› ብሎ የመካኒክን ማስጠንቀቂያ መናቅ በዚያ ቁልቁለት ላይ የሚያስከትለውን ጸሐፊው ያሰቡበት አይመስለኝም። ለምርመራ ቀን ደህና ጎማ ተውሰው የሚያስገጥሙ እንዳሉ በሹፌሮች ዘንድ የሚነገረውንም እሳቸው ሳይሰሙት አይቀሩም፤ እንዲህ የተገኘ ቦሎ በመካኒኩ ላይ ምስክር ሆኖ ሊቀርብ አይችልም። ስለ ጎማ ካነሣን፣ በጎኑ ላይ ያሉት አራት አሃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ይህን ለማንበብ ማንንም ማመን አያስፈልግም።

አራተኛው ነጥብ የመኪና መመርመሪያ ኮምፒውተር አይዋሽም የሚል ነው። በእርግጥ አይዋሽም፤ ነገር ግን የተጠየቀውን ብቻ ነው የሚመልሰው። ማሽኑ ፒ 0420 የሚል ኮድ ቢያወጣ የሚለው ነገር ቢኖር ጭስ የሚያጣራው ካታሊስት የሥራ ብቃቱ ከወሰን በታች ሆኖ ተነብቧል ማለት ነው፤ የታመመው ካታሊስቱ ራሱ፣ የኦክስጅን ሴንሰሩ ወይም ከማርሚታው (ከጭስ ድምፅ ማፈኛው) በፊት ያለ የጭስ ቀዳዳ መሆኑን መለየት የሰው ሥራ ነው። ኮዱን አይቶ ካታሊስት የሚያስቀይር መካኒክ ማሽን ስለያዘ የበለጠ ሊታመን አይገባም። በዚያ ላይ በመንገዶቻችን ላይ ከሚርመሰመሰው ተሽከርካሪ ብዙው፣ ካርቡራተር ያለው ባጃጅና አሮጌው ኮሮላ፣ ማሽኑ የሚሰካበት ሶኬት እንኳ የለውም።

የዋጋ ተመንን በተመለከተ ብዙ አልልም። ተመን የሚወስነው የሥራውን ዋጋ ነው፤ ሥራው ማስፈለጉን አይወስንም። የቴስታታ ማውረጃ በሙሉ ከተማው አንድ ዋጋ ቢሆን፣ ሳያስፈልገው ቴስታታ የወረደለት ሰው በሕጋዊ ተመን ተዘረፈ ማለት ብቻ ይሆናል። ይህን በሥራዬ በየጊዜው የማየው በፕሮፎርማ (ከሥራው በፊት በሚሰጥ የዋጋ ማቅረቢያ) ነው። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስበን ዝቅተኛውን እንመርጣለን፤ ሦስቱ የተሞሉት ግን በሦስት የተለያየ ግምት ላይ ስለሆነ አንዱ ራዲያተር ማጠብን፣ ሌላው ጋስኬት መቀየርን ዋጋ አውጥቶለታል። ዝቅተኛውን መረጥን የምንለው ሁልጊዜም አነስተኛውን ሥራ መርጠን ነው። ፕሮፎርማ ትርጉም የሚኖረው አስቀድሞ በተከፈለበት አንድ የምርመራ ወረቀት ላይ ሁሉም ዋጋ ሲሰጡ ነው፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሲሰጠው፣ መረጃው በጽሑፍ ካልሆነ በክርክር ጊዜ ምን ይዞ ይቀርባል?

«የምርመራ ጣቢያዎቹ ራሳቸው ይጠግኑ» የሚለው ሐሳብ ደግሞ ጸሐፊው የጠሉትን ነገር በእጥፍ የሚያመጣ ነው። መካኒክ ጉድለት ሲያገኝ ስለሚጠቀም አይታመንም ካልን፣ ጉድለት አግኝቶ ቦሎ የመከልከል ሥልጣን ያለው ጣቢያ ከጥገናው ሲጠቀም እንዴት ይታመናል? ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ሥር የፈቀዱ አገሮች አሉ፤ በኔዘርላንድ ፈቃድ ያላቸው ጋራዦች የግዴታ ምርመራውንም ጥገናውንም ይሠራሉ። ነገር ግን የመንግሥቱ የተሽከርካሪ ባለሥልጣን ከተመረመሩት መኪናዎች 3 በመቶ የሚሆኑትን በዕጣ መርጦ እንደገና ይመረምራል፤ የትኛው እንደሚመረጥ ጋራዡ አስቀድሞ አያውቅም። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ወስደው ሁለተኛውን ትተውታል። እኛ አሁን ባለንበት ሁኔታ የሚበጀው መርማሪውና ጠጋኙ ተለያይተው መቆየታቸው ነው፤ ጣቢያው ግን መኪና ሲመልስ ‹ፍሬን› ብሎ በቃል ከማለት ይልቅ የትኛው ጎማ ላይ፣ ስንት ተለክቶ፣ ስንት መሆን እንደነበረበት ጽፎ ቢሰጥ ጋራዡ የሚገምተው ይቀንስለታል።

የቀረው ሹፌሩ ከመካኒኩ አጠገብ ቆሞ ይዋል የሚለው ምክር ነው። ቆሞ የዋለ ሰው እጅ ሲንቀሳቀስ ያያል እንጂ ብሎኑ በስንት ኃይል እንደጠበቀ አያይም፤ መካኒኩም በየደቂቃው እየተጠየቀ ሥራውን አይሠራም። ያንን ጊዜ ከሥራው በፊትና በኋላ ቢያውለው ይሻላል። ከመጀመሩ በፊት መካኒኩን አጠገቡ አስቀምጦ ኮብልስቶኑ ላይ ይንዳ፤ ቆሞ የማይሰማ ድምፅ እዚያ ይሰማል። ካለቀ በኋላም ሒሳቡን ከመዝጋቱ በፊት ሁለቱ አብረው ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ይውጡ፤ ሲወጡ የሙቀት መለኪያውን፣ ሲወርዱ የፍሬኑን ፔዳል ይመልከቱ፤ ያዩትንም በምርመራው ወረቀት ጀርባ ጽፈው ሁለቱም ይፈርሙበት።